የሰብል ዝርያዎችን ምዝገባ ከታተመ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የመረጃ ቋት ስለማሸጋገር

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ማንኛውም የተሻሻለ የሰብል ዝርያ ከምርምር ማዕከል ወጥቶ ለገበሬው ከመሠራጨቱ በፊት በብሔራዊ ደረጃ ተፈትኖ መመዝገብ ይኖርበታል። በአገራችን የዚህ ምዝገባ ውጤት የሚሰፍረው በግብርና ሚኒስቴር አማካይነት በየዓመቱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሲታተም በቆየው የሰብል ዝርያዎች መዝገብ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል በ2016 የወጣው 19ኛው ቅጽ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን ማሳወቅ ያስፈለገበት ምክንያት ወደፊት ይገለጻል።)

መዝገቡ በጥራዝ መልክ የሚታተም እንደመሆኑ በገጠር የሚሠራው ባለሙያ እጅ መድረሱ አስቸጋሪ ነው። ቢደርስም ከእያንዳንዱ ቅጽ ውስጥ ለአንድ ቀበሌ የሚስማማውን ዝርያ ገጽ በገጽ ገልጦ መፈለግ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ መረጃውን በኢንተርኔት አማካይነት ሊፈለግ ወደሚችል የመረጃ ቋት ማሸጋገር ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ጥቅሙ የሚገኘው ሥራው በጥንቃቄ ሲሠራ ብቻ ስለሆነ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የማኅበሩ የዘር ኮሚቴ ከእንዲህ ዓይነቱ ቋት ምን መጠበቅ እንደሚገባቸው፣ ምን ጉድለት ሲያዩም መጠራጠር እንዳለባቸው ቀጥሎ ይብራራል።

በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው መረጃ

አንድ እጩ ዝርያ አስቀድሞ በልዩ ልዩ አካባቢዎች፣ ከአንድ ዓመት በላይ፣ ቀደም ሲል ከተለቀቀ ማነጻጸሪያ ዝርያ ጋር ጎን ለጎን እየተዘራ ይሞከራል። ከዚያም በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ መደብ ላይ ተዘርቶ በባለሙያዎች ቡድን ይጎበኛል። የቡድኑን ሪፖርት መርምሮ ዝርያው እንዲለቀቅ ወይም እንዳይለቀቅ የሚወስነው ብሔራዊው የዝርያ አጽዳቂ ኮሚቴ ነው።

የጸደቀው ዝርያ በመዝገቡ ውስጥ የራሱ ሠንጠረዥ ይኖረዋል። በሠንጠረዡም ዝርያው የሚስማማበት አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ የዝናብ መጠን፣ በሄክታር የሚያስፈልገው ዘርና ማዳበሪያ፣ የሚዘራበት ወቅት፣ ለመድረስ የሚፈጅበት ቀን፣ የተክሉ ቁመት፣ የዘሩ ቀለም፣ የ1,000 ፍሬ ክብደት፣ በሽታን የመቋቋም ሁኔታ፣ በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ የሰጠው ምርት በኩንታል፣ የተለቀቀበት ዓመት፣ እንዲሁም ዝርያውን ያዳቀለውና የሚጠብቀው ተቋም ይመዘገባሉ።

የምርቱ ልክ በሁለት ዓይነት መጻፉ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ለምሳሌ ቢኤች-660 የተባለው የባኮ ድቅል በቆሎ በምርምር ጣቢያ በሄክታር ከ90 እስከ 120 ኩንታል፣ በገበሬ ማሳ ግን ከ60 እስከ 80 ኩንታል እንደሚሰጥ ተመዝግቧል። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ለገበሬው የሚነግር ሠራተኛ በመኸር ጊዜ ከገበሬው ጋር መጣላቱ የማይቀር ነው። መረጃውን ወደ ቋት የሚያስገባውም ሰው ሁለቱን ቁጥሮች በየራሳቸው ቦታ ካላስቀመጠና አንዱን መርጦ ከጻፈ፣ ያው ስሕተት ወደ ብዙ ቀበሌዎች በአንድ ጊዜ ይዛመታል።

የገጽ ሥዕልና የመረጃ ቋት ልዩነት

ብዙ ሰው የመዝገቡ ገጽ ተቀርጾ በኢንተርኔት ከተቀመጠ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የመዝገቡ አንዳንድ ቅጾች በዚህ መልክ መገኘታቸው ከምንም የተሻለ ነው። ነገር ግን ተቀርጾ የተቀመጠ ገጽ በመስተዋት ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ነው፤ የሚፈለገውን ገጽ አስቀድሞ ለማያውቅ ሰው የሚሰጠው አገልግሎት ጥቂት ነው።

ቋት የሚባለው እያንዳንዱ መረጃ በየራሱ ሳጥን ተለይቶ የተቀመጠበት ነው። በምሳሌ እንየው። ቢኤች-660 ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ፣ ከ1,000 እስከ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባለበት የሚበቅልና በ160 ቀን ገደማ የሚደርስ ነው። ቢኤች-540 ደግሞ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር፣ ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባለበት በ145 ቀን ገደማ ይደርሳል። ከፍታው 1,900 ሜትር፣ ዝናቡ 1,100 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀበሌ ሁለቱም ይስማማሉ። ዝናቡ ቶሎ የሚያቋርጥ ከሆነ ግን የ15 ቀኑ ልዩነት ምርት በመሰብሰብና ባለመሰብሰብ መካከል ሊወስን ይችላል። በታተመው መዝገብ ይህን ለማወዳደር ሁለቱን ገጾች፣ ምናልባትም ሁለት ቅጾችን፣ ማግኘት ያስፈልጋል። በትክክል በተሠራ ቋት ግን ሠራተኛው «ከፍታ 1,900፣ ዝናብ 1,100፣ ከ150 ቀን በታች» ብሎ ሲጠይቅ የሚስማሙት ዝርያዎች ተለይተው ይወጡለታል።

ይህ እንዲሆን «1,600–2,200» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ በአንድ ሳጥን መገልበጥ የለበትም። ዝቅተኛው ቁጥር በአንድ ሳጥን፣ ከፍተኛው በሌላ ሳጥን መግባት አለበት። በአንድ ሳጥን ከተገለበጠ ለኮምፒውተሩ ፊደል እንጂ ቁጥር ስላልሆነ 1,900 በመካከሉ የሚገኝ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። ከፍታው በቁጥር ሳይሆን «ለደጋና ለወይና ደጋ» ተብሎ በቃል ብቻ ለተጻፈ ዝርያም ገልባጩ ከራሱ ግምት ቁጥር መፍጠር አይገባውም። የቃሉን መግለጫ በመግለጫነቱ አስፍሮ፣ የቁጥሩን ሳጥን ባዶ ትቶ፣ አዳቃዩን ተቋም መጠየቅ ይኖርበታል። ባዶ ሳጥን ያሳፍር ይሆናል፤ የተፈጠረ ቁጥር ግን ዘር ያስከስራል።

የግልበጣውን ስሕተት ለመቀነስ የታወቀው ዘዴ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ አንዱን ገጽ ለየብቻ እንዲጽፉና ኮምፒውተሩ ልዩነታቸውን እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ገጹን በመሣሪያ አስነብቦ ወደ ጽሑፍ መለወጥ ፈጣን ቢሆንም፣ በደበዘዘ ኅትመት ላይ 3ን 8፣ 1ን 7 አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል በሰው ዓይን ሳይታረም ሊታመን አይገባውም።

የዝርያ ስም ችግር

የታተመን መዝገብ የሚያነብ ሰው የስም አጻጻፍ ቢለያይም በልቡ ያስተካክለዋል። ኮምፒውተር ግን የተጻፈለትን ብቻ ይፈልጋል። በእኛ ቋንቋና ፊደል ይህ ችግር ከሌላው አገር የባሰ ነው።

በ1984 የተለቀቀውንና ቶሎ የሚደርሰውን የጤፍ ዝርያ እንውሰድ። አንዱ «ፀደይ» ሌላው «ጸደይ» ብሎ ይጽፈዋል። ለሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በአ እና ዐ የሚጻፉ ስሞችም እንዲሁ። ስለሆነም ቋቱ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ ሆኖ መሠራት አለበት። ከኦሮምኛ የመጡ ስሞች ደግሞ በላቲን ፊደልም በግዕዝ ፊደልም በየጸሐፊው ይለዋወጣሉ፤ «ዲገሉ» እና «ዲጋሉ»፣ «ዳንዳአ» እና «ደንደአ»፣ «ቀቀባ» እና «ካካባ» እየተባሉ የሚጻፉት የስንዴ ዝርያዎች ሦስት እንጂ ስድስት አይደሉም።

ከፊደልም ሌላ አንድ ስም ለሁለት ነገር የሚያገለግልበት ጊዜ አለ። «ማኛ» ሲባል በመዝገቡ በ1978 የተለቀቀው ዲዜድ-01-196 የተባለ የጤፍ ዝርያ ነው። በገበያ ግን ማኛ ማለት ዝርያው ምንም ይሁን ምን እጅግ ነጭ የሆነ ጤፍ ነው። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር «የማኛ ዘር» ብሎ ከገበያ ቢገዛ ያገኘው ነጭ ጤፍ ሊሆን ይችላል፤ ዲዜድ-01-196 ለመሆኑ ግን ምንም ማስረጃ የለውም። ከዚህም የተነሣ ዝርያን ለይቶ የሚያሳውቀው የአዳቃዩ መለያ ቁጥር ነው። በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ ዲዜድ-ሲአር-387 ተብሎ፣ ኩብሳ ኤችኤአር-1685 ተብሎ ይታወቃል። ቋቱ ይህን ቁጥር ዋነኛ መታወቂያ አድርጎ ይዞ፣ የሚጠራባቸውን ስሞች በሙሉ ከሥሩ ሊዘረዝር ይገባል።

መቀመጫው በፈረንሳይ አገር፣ በአንዤ ከተማ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት የዕፅዋት ዝርያዎች ጽሕፈት ቤት ከ2005 ጀምሮ የብዙ አገሮችን የዝርያ ስሞች በአንድ ላይ የሚፈልግ ቋት አለው። ይህ ቋት በፊደል ልክ የሚገጥመውን ብቻ ሳይሆን ተቀራራቢ ስሞችንም ያወጣል። አዲስ ዝርያ ቀድሞ የነበረን ስም እንዳይወስድ ለመከላከል የተሠራ ቢሆንም፣ ለእኛ የፊደል ችግርም ተመሳሳይ አሠራር ይስማማል።

የዓመተ ምሕረት ጉዳይ

በመዝገቡ ላይ የተለቀቀበት ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲጻፍ፣ የወረዳ ሪፖርትና የማኅበር ሰነድ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። ከሁለቱም ምንጭ የተገለበጠ ቋት አቆጣጠሩን ካልለየ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይገባበታል። ዲገሉ የተባለው ስንዴ የተለቀቀው በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይህን ቁጥር እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ዝርያው ከ2010 የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ የተለቀቀ ይመስለዋል። በበሽታ ረገድ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ካለው ይታያል።

የታተመ ገጽ ዋነኛ ጉድለት

የዝርያ መዝገብ የሚናገረው ዝርያው በተለቀቀበት ዓመት ስለነበረው ሁኔታ ነው። ከፍታው፣ የዘሩ ቀለምና የተክሉ ቁመት ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጡም። በሽታን የመቋቋም ችሎታው ግን ይለወጣል። የሚለወጠውም ዝርያው ተበላሽቶ ሳይሆን፣ ሻጋታው በየጊዜው አዳዲስ ዓይነት ስለሚያወጣ ነው። በዋግ ላይ ይህ በተለይ ጎልቶ ይታያል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተለቀቁት ኩብሳና ገላማ በአገራችን የስንዴ አምራች አካባቢዎች በስፋት ተሠራጭተው ነበር። በ2010 በተነሣው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ሁለቱም ክፉኛ ተጎዱ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ፊቱን አዞረ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ይህንኑ መከረ። ምክሩ በጊዜው ትክክል ነበር። ነገር ግን በ2013 መጨረሻ በባሌና በአርሲ ቲኬቲቲኤፍ ተብሎ የሚጠራ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሥቶ ዲገሉን አጠቃው፤ በአንዳንድ ማሳዎችም ምርቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ዓይነቱ ዩጂ99 ከሚባለው ቤተሰብ ስላልነበረ፣ ዩጂ99ን ብቻ ሲጠባበቅ ለነበረ ሰው ያልታሰበ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የኩብሳም ሆነ የዲገሉ የታተመ ገጽ አንዲት ፊደል አልተለወጠም። በወረዳ መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ራሱን ሊያርም አይችልም። የመረጃ ቋት ትልቁ ጥቅም እንግዲህ ፍጥነቱ ሳይሆን መታረም መቻሉ ነው ብሎ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያምናል። ለዚህም በሽታን የመቋቋም ሁኔታ አንድ ሳጥን ብቻ ሊመደብለት አይገባም። ቀን የተጻፈባቸው ተከታታይ መስመሮች ሊኖሩት ይገባል፤ ይኸውም ዝርያው በተለቀቀ ጊዜ ምን እንደነበረ፣ በኋላ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው አካባቢ፣ በየትኛው የበሽታ ዓይነት እንደተጠቃ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይጻፋል ማለት ነው። የቀድሞው መስመር መሰረዝ የለበትም። ቀን የሌለው «ይቋቋማል» የሚል ቃል በኮምፒውተር ላይ ሲገኝ ከታተመው ይልቅ አደገኛ ነው፤ በኢንተርኔት ያለ ነገር ሁሉ የዛሬ ስለሚመስል አንባቢው ያለ ጥርጣሬ ይቀበለዋል።

የዘር ሐረግም ሳጥን ሊኖረው ይገባል። ኩብሳ ሲሚት ከተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ከተገኘው አቲላ ከሚባል ድቅል የወጣ ነው። በህንድ አገር ፒቢደብሊው-343 ተብሎ በሰፊው ይዘራ የነበረው ስንዴም ከዚሁ ድቅል የወጣ ሲሆን፣ ሁለቱ ቢጫ ዋግን የሚቋቋሙበት ዘረ መል አንድ ነበር። የህንዱ ዝርያ መከላከያው ከ2010 ቀደም ብሎ ተሰብሮበታል። ሐረጋቸውን አገናኝቶ የሚያሳይ ቋት በባለሙያው እጅ ቢኖር የህንዱ ዜና ለኩብሳም ማስጠንቀቂያ በሆነ ነበር።

ከዝርዝር ስለሚወጡ ዝርያዎች

በሌሎች አገሮች የምዝገባ ታሪክ ረጅም ነው። በአሜሪካ የሰብል ዝርያዎች ምዝገባ በ1926 ተጀምሮ ለብዙ ዓመታት በእርሻ ሳይንስ መጽሔት ሲወጣ ቆይቶ፣ ከ2007 ወዲህ ለዚሁ ብቻ የተቋቋመ መጽሔት አለው። የአውሮፓ አገሮች የጋራ የዝርያ ዝርዝር በ1970 በወጣው መመሪያ መሠረት በ1975 ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ፣ ዛሬ በኢንተርኔት ይፈለጋል። ከዚህ ልንወስደው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአውሮፓ አንድ ዝርያ ከዝርዝር ሲወጣ ያለው ዘር በአንድ ቀን ሕገ ወጥ አይሆንም፤ እስከ ሦስተኛው ዓመት ሰኔ 30 ቀን ድረስ ሊሸጥ የሚችልበት ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ በቋቱ ውስጥ «አለ» ወይም «የለም» ማለት አይበቃም፤ ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ የሚለው መጻፍ አለበት። በእጁ የዘር ክምችት ያለው ማኅበር ሊያውቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የዝርያ ምዝገባና የአዳቃይ መብት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው መታወቅ አለበት። የአዳቃይ መብት በ2006 በወጣው አዋጅ ቁጥር 481፣ በኋላም በ2017 በተተካው አዋጅ ቁጥር 1068 የሚመራ ሲሆን፣ አንድ ዝርያ ተመዝግቦ መገኘቱ ብቻ ባለመብት አለው አያሰኝም።

በቀበሌ ደረጃ አጠቃቀም

ኢንተርኔት በሁሉም ቀበሌ አይገኝም፤ ቢገኝም ሁልጊዜ አይሠራም። ቋቱ ጥቅም እንዲሰጥ ግን በእያንዳንዱ ቀበሌ መገኘቱ ግድ አይደለም። የዘር ፍላጎት ተሰብስቦ ወደ ወረዳ ከመተላለፉ በፊት በየወቅቱ አንድ ጊዜ፣ ኢንተርኔት ባለበት ጽሕፈት ቤት ሆኖ የቀበሌውን ከፍታና ዝናብ በማስገባት የሚስማሙትን ዝርያዎች ዝርዝር ማሳተም በቂ ነው። በወረቀቱ ራስጌ የታተመበት ቀን በጉልህ መጻፍ አለበት። አዲሱ ሲለጠፍ አሮጌው ከግድግዳ ላይ ይነሣ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከተለጠፉ ገበሬው የሚያምነው በአብዛኛው የለመደውን ነው።

የማኅበሩ የዘር ኮሚቴ ዘር ሲረከብ በከረጢቱ ምልክት ላይ ያለውን የዝርያ ስም ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። ስሙ ቢገጥምና የተለቀቀበት ዓመት የቆየ ቢሆን፣ በተለይም ስንዴ ከሆነ፣ ከመዝራት በፊት ስለ ዋግ ያለው የመጨረሻ መስመር መቼ እንደተጻፈ ይታይ። ያ መስመር ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ ከሆነ በአቅራቢያ ያለውን የምርምር ማዕከል መጠየቅ ይገባል። አንድን ቀበሌ በሙሉ በአንድ ዝርያ ማልበስም አይመከርም፤ የ2010 እና የ2013 ጉዳት የሰፋው ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበረ ጭምር ነው።

በቋቱ ውስጥ ለውጥ የማስገባት ሥልጣን ምዝገባውን የሚያካሂደው መሥሪያ ቤት ነው። ነገር ግን ለውጡ የሚነሣው ከማሳ ነው። ይቋቋማል የተባለ ዝርያ በዋግ ተመትቶ ሲገኝ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የዝርያውን ስም ከነመለያ ቁጥሩ፣ ከከረጢቱ ላይ ያለውን የዘር ምድብ ቁጥር፣ ቀበሌውንና ከፍታውን፣ የታየበትን ቀን ከነአቆጣጠሩ፣ ሰብሉ ያለበትን የዕድገት ደረጃ፣ እንዲሁም ከመቶ ተክል ምን ያህሉ እንደተጠቃ ጽፎ በዚያው ሳምንት ወደ ወረዳና ወደ ምርምር ማዕከሉ ማስተላለፍ አለበት። «ስንዴው ታሟል» የሚል ሪፖርት ለቋቱ አይጠቅምም።

በመጨረሻም፣ በቋቱ ተፈልጎ ያልተገኘ ዝርያ ሁሉ ዋጋ የሌለው ነው ማለት አይደለም። በብዙ ቀበሌዎች ገበሬው ከአባቶቹ የወረሰው ነባር ዘር በብሔራዊው መዝገብ ውስጥ የለም፤ እንዲህ ያለውን ዘር መሰብሰብና መጠበቅ በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አካል የሆነው የዘር ባንክ ሥራ ነው። ሠራተኛው ነባር ዘር ሲያገኝ በአንዱ የተመዘገበ ዝርያ ስም መዝግቦ እንዳያልፈው ይጠንቀቅ። ገበሬው የሚጠራበትን የአካባቢ ስም፣ ቀበሌውን፣ ከፍታውንና ገበሬው ዘሩን የያዘበትን ምክንያት ጽፎ ለብቻው ያስተላልፍ።